ከሙሉካ ራስ በላይ ያለው ቀይ

የካቲት 8 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

ዛሬም ሬኮ፣ ከይርጋ ጨፌ ወዲያ ያለው የቡና መንደር። ከኅዳር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተመላለስኩ ወደ ዲላ ያመጣሁት ዛፍ፣ እንሰትና ጭጋግ ብቻ ነበር። ባለፈው ሳምንት ውዳሴ ሸራዎቹን አየት አድርጋ «ወንዴ፣ እዚያ አገር ሰው አይኖርም እንዴ?» አለችኝ። ሚስቴ ሥዕል አታውቅም እላለሁ እንጂ የምትናገረው ሁሌ የሚያመኝ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው።

ዛሬ ሰው አገኘሁ። ሙሉካ ትባላለች። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ከአማቷ ጋር ትኖራለች። የማሳው ባለቤት አቶ ባልቻ ቡናቸውን ለቅመው ከጨረሱ ሁለት ሳምንት አልፏል። በዚህ ሰፈር ባለቤቱ «ጨርሻለሁ» ብሎ ካስነገረ በኋላ መሬት የወደቀውንና ቅርንጫፍ ላይ የተረሳውን መቃረም ለመበለትና ለድሃ የተፈቀደ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንዲት ፍሬ ከመሬት ማንሳት ሌብነት ነው። ሕፃን ልጅ እንኳ ይህን ያውቃል። ሙሉካ እንደ ደንቡ በጊዜዋ ገብታ፣ ትንሽ ከረጢት ወገቧ ላይ አስራ፣ ቅጠሉን በእጇ እየገለበጠች ስትቃርም ደረስኩ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቼ ሳሳየው የኖርኩት የፈረንሳዩ ሠዓሊ የሚሌ ሥዕል ፊቴ ላይ ተገትሯል። ሦስት ሴቶች ከታጨደ ማሳ ላይ የስንዴ ዘለላ ይቃርማሉ፤ ወገባቸው ታጥፏል፤ ፊታቸው አይታይም፤ ከኋላቸው የባለጸጋው ክምር ተራራ አክሏል። የእኔዋ አንድ ብትሆንም ወገቧ ያው ወገብ ነው።

«እንደዚሁ ትንሽ ቆዪልኝ» አልኳት። ትንሽ ያልኩት አንድ ሰዓት ያህል ሆነ። በመጨረሻ ሳትቃና «መምህር፣ ወገብ እኮ ነው፣ የእንጨት አይደለም» አለችኝ። ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ስትቃና ግን በሁለት እጇ ጉልበቷን ይዛ ነበር።

ንድፉ ተሳክቷል። እንደ ልማዴ የቀለሙን ማስታወሻ ከሥሩ ጻፍኩበት።

የካቲት 13

የፈተና እርማት። ትምህርት ቤት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ቤት ስገባ ሸራው ቆሞ ይጠብቀኛል። ከኋላዋ ያለው የብርብራ ግንድ ከነጠባሳው ተሳክቷል። የሙሉካ ጀርባ ሦስት ጊዜ ተፍቆ ሦስት ጊዜ ተሠራ። አልተኛሁም ማለት ይቻላል።

የካቲት 14፣ ዓርብ

ጆሲ መጣ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ልጅ ነው፤ በመጋቢት ለሚከፈተው ዐውደ ርዕይ የሁላችንን ሥራ የሚሰበስበው እሱ ነው። ሸራውን አየና ዘወር ዘወር አለ።

«ጋሼ፣ ሙድ አለው። የምሬን ነው። ግን ሁሉም ቡኒና አረንጓዴ ሆነብኝ። ዐይን የሚይዝ ነገር ጎደለው።»

«የካቲት ነው ልጄ፤ ቡኒና አረንጓዴ ነው ያለው» አልኩት። ከሄደ በኋላ ግን እኔም ዘወር ዘወር አልኩ።

የካቲት 16፣ እሑድ፣ ቅበላ

ነገ ጾም ይገባል። ውዳሴ ጓዳ ናት። ዘመዶች ለቅበላ መጥተው ሳሎን ውስጥ ይጫወታሉ፤ እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ እዚህ ገባሁ።

የጎደለው ቀይ ነበር። ሚሌም ለአንዷ ሴት ቀይ ሻሽ አድርጎላታል። የሙሉካ ሻሽ ግን ታጥቦ ታጥቦ ቀለሙ የጠፋ ነው፤ ሻሿን ብለውጥባት እሷ አትሆንም። ስለዚህ ከራሷ በላይ ያለው ቅርንጫፍ ላይ ጥቂት የበሰለ እሸት ቡና አደረግሁ። ከዚያ ጥቂት ጨመርኩ። ቅርንጫፉ ጎንበስ አለ። ሥዕሉ በአንዴ ነፍስ ዘራ።

ማንን ይጎዳል? ሠዓሊ ካሜራ አይደለም። ሚሌም ቢሆን ሜዳ ላይ ቆሞ ሳይሆን ቤቱ ገብቶ ከትዝታው ነበር የሚስለው። ከሚሌ የበለጠ እውነተኛ ልሆን ነው?

የካቲት 24

ጆሲ በመክፈቻው ቀን ስለ ሚሌ ሕይወትና መልክዐ ምድር ንግግር እንዳደርግ ጠየቀኝ። ደስ አለኝ፤ መደበቅ አልችልም። አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ላይ ሞከርኩት። «ሚሌ» ስል አንዱ «ቲቸር፣ አፋር ያለው ሚሌ ነው?» ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ።

ማስታወሻዬ እንዲህ ይላል። የገበሬ ልጅ ነው። ኖርማንዲ በሚባል የባሕር ዳር አገር ተወልዶ እስከ ሃያ ዓመቱ ድረስ አርሷል፣ አጭዷል። ፓሪስ ገብቶ አልተመቸውም፤ ባርቢዞን የምትባል የጫካ ዳር መንደር ሄዶ ዘጠኝ ልጆች እያሳደገ እዚያው ኖረ። ሀብታሞቹ ሥዕሎቹን ሲያዩ ድሃው ሊነሣባቸው የመጣ መስሏቸው ፈሩ። በመጨረሻ ዘመኑ ወደ መልክዐ ምድር አዘነበለ፤ ነፋስ የነቀለው ዛፍ፣ ቁራ የወረደበት የክረምት ሜዳ፣ ከዝናብ በኋላ የአትክልት ቦታ ላይ የተዘረጋ ቀስተ ደመና። ሰው በሌለበት መሬት ላይ እንኳ የሰው ልፋት ይታያል።

የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ስጽፍ ኩራት ተሰማኝ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ሚሌ ያጎነበሰውን የሳለው ራሱ ጎንብሶ ስለሚያውቅ ነው። እኔ የዲላ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከሸዋ መጥቶ ሱቅ ከፈተ፤ እኔ ሱቅ ውስጥ አደግሁ። በሃምሳ አንድ ዓመቴ አንድ ቅርጫት ቡና ለቅሜ አላውቅም። ይህን ንግግሩ ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ከሁሉ መጀመሪያ የሆነውን እንደሆነው ልጻፍ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከየወረዳው የአገር ሽማግሌዎች ተጋብዘዋል። ንግግሬ አማረ፤ ውዳሴ እንኳ ከኋላ ረድፍ ላይ ሆና አንገቷን ነቀነቀች። ስጨርስ «እውነተኛ ሠዓሊ ያላየውን አይጨምርም፣ ያየውን አይቀንስም» አልኩ። ጽሑፌ ላይ አልነበረም፤ አፌ ላይ መጣና አወጣሁት። ተጨበጨበ።

ከዚያ ሰዉ ሥዕሎቹን ለማየት ተበተነ። የእኔ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ከሥሩ በወረቀት «ቃርሚያ፣ ሬኮ» የሚል አለ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው እሱ ዘንድ ቀርተዋል። አቶ ባልቻ ናቸው። እንደሚመጡ ማንም አልነገረኝም ነበር።

«ይሄ የኔ ቦታ ነው» አሉ። «ያቺ ብርብራ አባቴ የተከለው ነው። ጠባሳው አለ። ድንጋዩ አለ።»

«አዎ አቶ ባልቻ፤ የእርስዎ ነው» አልኩ። ተደስተው መስሎኝ ነበር።

«ይቺ ሙሉካ ነው።»

«ሙሉካ ናት።»

ጣታቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ቀዩ አነሡ። «ቡናው ገና አልተለቀመም። ይሄ ታኅሣሥ ነው። ዘንድሮ ሙሉካን ለለቀማ አልጠራሁም። እኔ ሳልጨርስ ነው የገባችው?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። በቁጣ አልነበረም፤ የሚያምኑትን ሰው እንደሚጠይቁ ነው የጠየቁኝ። «መምህር፣ አንተ ይሄን በዐይንህ አይተህ ነው የሳልከው?»

ዙሪያችን ሰው ቆሟል። ጆሲ ስልኩን አንሥቶ ይቀርጻል። ያቺ «አይጨምርም፣ አይቀንስም» ያልኳት ነገር ገና ከአዳራሹ አልወጣችም።

«እኔ የማየውን ነው የምስለው» አልኩ።

የንግግሩ ቀጣይ መስሏቸው እንደገና አጨበጨቡ። አቶ ባልቻ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

መጋቢት 7

«ሰርቃለች» አላልኩም። ይህ ይመዝገብልኝ። ስለ ሙሉካ አንድ ቃል አልተናገርኩም። የማየውን ነው የምስለው ማለት የምጣኔ ነገር፣ የብርሃን ነገር ነው። እሳቸው በሌላ ከተረዱት

ይህን ዓረፍተ ነገር አልጨርሰውም።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

እንድርያስ በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል አጠገቤ ተቀመጠ። ጌዴኡፋ ቋንቋ የሚያስተምር የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ የእናቱ ወገኖች እዚያው ሬኮ አጠገብ ናቸው።

«ጋሽ ወንድይፍራው፣ ሥዕልዎ እኮ አገር አዳረሰ» አለኝ።

«እንዴት?»

«አምና የባልቻ ቡና ሳይደርስ ተለቅሞበት ነበር። ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀርቶ ነበር። አሁን ታወቀ እየተባለ ነው።»

ሻይ ይዤ ነበር። ጠጣሁት። «አምና እኮ እኔ እዚያ አልነበርኩም» አልኩ።

«እሱማ አዎ። ዘንድሮ ያደረገች አምናም አድርጋለች ነው የሚሉት።»

ደወል ተደወለ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ስለ ጥላ አስተማርኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

መጋቢት 14፣ እሑድ

የንስሐ አባቴ መጥተው ነበር። ዓርብ ዓርብ ሰዓት ሳይደርስ እንደምቀምስ፣ በተማሪዎች ላይ እንደምቆጣ ነገርኳቸው። ሌላ አለህ ወይ አሉኝ። የለም አባ አልኩ። ዐይኔን በጨው አጥቤ።

መጋቢት 19

ሙሉካን ጸሎት ቤታቸው አገዳት። እንድርያስ ነው የነገረኝ። ከመዘምራኑ ወጥታለች፣ ከቅዱስ ቁርባኑም ታግዳለች፤ ነገሩ ሶንጎ ላይ እስኪታይ ድረስ። ሶንጎ የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ነው፤ ቡናና መሬት የነካ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። እዚያ ደግሞ ውሸት አይነገርም ይላል እንድርያስ፤ ሶንጎ ላይ የዋሸ ሰው ዘሩ አይበቅልም።

«እሷ ምን አለች?» አልኩት።

«ዝም ብላለች አሉ።»

ለአቶ ባልቻ ልደውል ስልካቸውን ከእንድርያስ ተቀበልኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር በወረቀት ጻፍኩ። «ሥዕል ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ለውበት ሲባል…» ይላል። ሲነበብ የሕግ ደብዳቤ ይመስላል። ነገ እደውላለሁ።

መጋቢት 20

የስብሰባ ቀን። አልተመቸም።

መጋቢት 25

ጆሲ ደወለ። ሥዕሉ በግንቦት አዲስ አበባ ለሚደረግ ዐውደ ርዕይ ተመርጧል። «ጋሼ፣ የወደዱት ሐቀኝነቱን ነው» አለኝ። እንኳን ደስ አለህ ያለኝ ሰው ብዛት። ውዳሴ ግን ወጥ እያማሰለች «ያቺ ሴትዮስ? ታየዋለች ወይ?» አለች።

«የትኛዋ?»

«የሳልካት።»

ለአቶ ባልቻ እስከ ትናንት አልደወልኩም። ዛሬም አልደወልኩም።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ለምስክርነት ጠሩኝ። ሄድኩ። በመንገድ ላይ ሁሉ፣ ከይርጋ ጨፌ እስከ ሬኮ፣ አሁን እናገራለሁ ብዬ ነበር። ይህን እግዚአብሔር ያውቃል።

ሽማግሌዎቹ ትልልቅ ዛፎች ሥር በክብ ተቀምጠዋል። ንግግሩ በጌዴኡፋ ነው፤ እንድርያስ አጠገቤ ሆኖ በቀስታ ይተረጉምልኛል። ጆሲ አዳራሽ ውስጥ ያነሣው ፎቶ በአንዱ ስልክ ላይ ነበረና ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ በጣቱ ከፍ አድርጎ ቀዩን ያያል፣ አንዱ ራሱን ይነቀንቃል። ሸራው ላይ ሁለት ጣት የማይሞላ ቀለም ነው።

ስልኩ በመጨረሻ ሙሉካ ዘንድ ደረሰ። ሥዕሏን እስከ ዛሬ አላየችውም ነበር። ሳልኳት እንጂ አላሳየኋትም። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቆማ ፈገግ አለች።

«ምን አለች?» አልኩ እንድርያስን።

«ጥሩ አድርገው ነው የሳሉኝ አለች።»

መቼ እንደገባች ጠየቋት። ለቀማው ካለቀ በኋላ የካቲት ላይ ይመስለኛል አለች። ታዲያ ይሄ ቀይ ምንድን ነው አሏት። እንደገና ስልኩን አየች። እንድርያስ ቃል በቃል ነው የነገረኝ፤ እኔም ቃል በቃል እጽፋለሁ።

«መምህር አይዋሽም። የተማረ ሰው ነው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እያየ ነው የሳለኝ። ታኅሣሥ ላይ ወደ ውሃ ስወርድ በባልቻ ቡና ውስጥ አቋርጣለሁ። ምናልባት ያኔ ጎንበስ ብዬ ይሆናል። ምናልባት ረስቼው ነው። ሥዕሉ ላይ ካለ አለ ማለት ነው። ይቅር በሉኝ።»

አቶ ባልቻ ይቅር አልኩ አሉ። እስከ ሁለት ለቀማ ድረስ በማንም ቡና ውስጥ እንዳትገባ፣ ለቃርሚያም ቢሆን፣ ተወሰነ። መረቋት። ከዚያ የሁሉም ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ በእንድርያስ በኩል «መምህሩ የሚጨምረው አለ?» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

«የለም» አልኩ።

ሚያዝያ 5፣ ሆሣዕና

ዘንባባ አስሬ ዋልኩ። የካህኑን ድምፅ እሰማለሁ፣ ቃሉን አልሰማም።

ሌባ ያደረግኋት እኔ ነኝ ብዬ ለመጻፍ አንድ ወር ፈጀብኝ። ይኸው ጻፍኩ። ለማን? ለራሴ ደብተር። ጀግና!

ማስፈራሪያ ቢኖርብኝ፣ ሥራ የማጣ ቢሆን፣ ትንሽ እጽናና ነበር። ሰው ለልጁ እንጀራ ሲል ይዋሻል፣ ለነፍሱ ሲል ይዋሻል። እኔ የዋሸሁት ቃላባይ ላለመባል ነው። «አይጨምርም፣ አይቀንስም» ብዬ ስለነበር፣ ጨምሬ ነበር ማለት አፈርኩ። ሁለተኛው ውሸት የመጀመሪያውን፣ ዝምታው ሁለቱንም ሊሸፍን። የእኔ እፍረት እንዳይታይ ሙሉካ እፍረቱን ለብሳው ትሂድ ነው ነገሩ።

ሚሌም ከትዝታው ይስል ነበር ብዬ ነበር። አዎ። ግን እሱ በሳላቸው ሴቶች ማንም አልተከሰሰም። ከባለ ክምሩ ጎን ለጎን የምትኖር ሴት ራስ ላይ ያልነበረ ክምር አላስቀመጠም።

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ስግደት ከጠዋት። ማታ ጥብጠባው ላይ ካህኑ በወይራው ጀርባዬን ቸብ ሲያደርጉ ከታዘዝኩት በላይ ሃምሳ ይጨመርልኝ አልኳቸው። ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ሰገድኩት። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። ቤት ስገባ ውዳሴ «ወገብህን እያመመህ ማን ጨምር አለህ?» ብላ ተቆጣችኝ።

ወገቤን እያሸች ሳለ እንባዬ መጣ። ስለ ጌታ ሕማም መሰላት። እንዲመስላት ተውኩት።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

እንግዳ። ሥጋ። እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ። እንድርያስ በስልክ መልካም በዓል ካለኝ በኋላ እንደ ዋዛ «ሙሉካ በዓሉን ቤቷ ዘግታ ዋለች አሉ» አለ። እንደ ዋዛ ይሁን አይሁን አላውቅም። ሰውዬው የሚያውቀው ነገር ያለ ይመስለኛል።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

ከትምህርት ቤት ስመለስ የንድፍ ደብተሬ የምሳ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ጠበቀኝ። የሬኮው ገጽ ላይ። ሙሉካ ጎንበስ ብላለች፣ ከረጢቷ ወገቧ ላይ ነው፣ ከራሷ በላይ ያለው ቅርንጫፍ ጭረት ብቻ። ከሥሩ በራሴ የእጅ ጽሑፍ፦ «የካቲት 8። ቅርንጫፉ ባዶ። መሬቱ ቡኒ፣ ሻሹ ግራጫ።»

ውዳሴ ከጓዳ አልወጣችም። ሰሐን ስታጥብ ይሰማኛል።

«አየሽው?» አልኳት ከተቀመጥኩበት።

«አቧራ ስጠርግ ወደቀብኝ» አለች። መደርደሪያው ላይ ተኝቶ የነበረ ደብተር እንዴት እንደወደቀ አልጠየቅኩም። ቆይታ እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩ ላይ መጣች። «ወንዴ፣ ያቺን ሴትዮ እኔ አላውቃትም። አንተን ግን ሃያ ስድስት ዓመት አውቅሃለሁ። ቅዳሜ ሚኒባሱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው የሚነሣው።»

ምሳዬን አቀረበች። ለብቻዬ በላሁ።

ሚያዝያ 16

ለእንድርያስ ደብተሩን አሳየሁት። ገጹን ለረጅም ጊዜ አየ። «ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ይሰበሰባሉ» አለ። «እኔም እመጣለሁ።» እንደ ሌላው ጊዜ ጋሽ አላለኝም።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ተናገርኩ።

ያንኑ ዛፍ ሥር፣ ያንኑ ክብ ፊት ቆሜ። ደብተሩን ከፍቼ ለአቶ ባልቻ ሰጠኋቸው። ቅርንጫፉ ባዶ ነበር፣ ቀዩን እኔ ቤቴ ተቀምጬ ነው የጨመርኩት፣ ሙሉካ በየካቲት በፈቃድ ነው የገባችው፣ አዳራሹ ውስጥ ዋሽቻለሁ፣ እዚህም ሶንጎ ላይ «የለም» ብዬ ዋሽቻለሁ አልኩ። እንድርያስ ተረጎመ።

አቶ ባልቻ ገጹን ዘግተው መለሱልኝ። ፊቴን አላዩም።

ታላቁ ሽማግሌ ጠየቁ። «ቀዩን ለምን ጨመረው?»

«ለማማር» አልኩ።

እንድርያስ አልተረጎመም፤ «ምን ልበላቸው?» አለኝ። «ለማማር በላቸው» አልኩት። ነገራቸው። ሽማግሌው ሌላ ጠየቁ፤ «ለማን?» ነበር ያሉት። ካሳ እከፍላለሁ አልኩ። ካሳ ለጠፋ ዕቃ ነው አሉኝ።

በሙሉካ ላይ የተወሰነው ተነሣ። ጸሎት ቤቷም እንዲያውቅ አቶ ባልቻ ራሳቸው ሊሄዱ ነው። በእኔ ላይ የተወሰነው ይህ ነው፤ ቤቷ ሄጄ፣ ቤቷ ውስጥ በሚኖረው ሰው ፊት፣ በቤቱ ቋንቋ ልናገር። እንድርያስ እንዳይተረጉም።

ብቻዬን ሄድኩ። እሷ ደጃፍ ላይ የእንሰት ቅጠል ታነጥፋለች። መጀመሪያ በአማርኛ ነገርኳት፤ ሁሉንም፣ ከጆሲ «ዐይን የሚይዝ ነገር» ጀምሮ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«እንግዲያ አልሰረቅኩም?» አለች።

«አልሰረቅሽም።»

«ታኅሣሥ ላይ አልገባሁም?»

«አልገባሽም።»

ቅጠሉ ላይ ቁጭ አለች። «ቀኑን ስፈልግ ነበር» አለች። «መቼ እንደገባሁ። ስተኛም ስነሣም እፈልጋለሁ። ማርያም ገበያ ቀን ይሆን፣ ዝናብ የጣለ ቀን ይሆን እላለሁ። አጣሁት። እንዴት ሰው የሰረቀበትን ቀን ይረሳል እያልኩ ራሴን ፈራሁ።»

ምን ይባላል? ዝም አልኩ። በዝምታ ጎበዝ ነኝ።

ከዚያ ተነሥታ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። አማቷ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ አማርኛ አትሰማም። ነገሩ ከተነገረ ጀምሮ ከሙሉካ እጅ እህል እንዳልቀመሰች፣ ጎረቤት እየሄደች እንደምትበላ ያኔ ነው የሰማሁት። «ለሷ ንገር» አለችኝ ሙሉካ።

ዲላ ተወልጄ ዲላ ሸመገልኩ። በጌዴኡፋ ሰላምታ አውቃለሁ፣ መቁጠር አውቃለሁ፣ ዋጋ ቀንሺ ማለት አውቃለሁ፤ የሱቅ ልጅ ነኝ። ዋሸሁ ማለት አላውቅም። ሙሉካ ቃሉን አንድ በአንድ እየሰጠችኝ ደገምኩ። አሮጊቷ አልገባትም። ደረቴን በእጄ እየመታሁ እንደገና አልኩ። በሦስተኛው ገባት። ለሙሉካ አንድ ነገር አለቻት፤ ሙሉካ አልተረጎመችልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሙሉካ ጓዳ ገብታ ቆጮ በሰሐን ይዛ መጣችና አማቷ ፊት አስቀመጠች። አሮጊቷ እጇን ታጠበች። እኔን ቁጭ በል ያለኝ የለም። በልታ እስክትጨርስ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ።